መብራት ሲጠፋ የምትስቀው ልጅ

«ይህ ሳጥን ልጄን ምን አድርጓት ይሆን?»

አያቷ አየለች የጠየቁት ግድግዳውን ነበር። መቲ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ያልሰማች መሰለች።

ከግድግዳው ጀርባ የተከራያቸው የወጣቱ መምህር የጉግሳ ክፍል አለ። መምህሩ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዋይፋይ ያስገባ ጊዜ ሳጥኑን የሰቀለው ልክ የመቲ አልጋ ራስጌ በሚያርፍበት በኩል ነው። የይለፍ ቃሉንም ለመቲ ሰጥቷታል። እናቷ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ መቲ አምቦ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው፤ አየለች ደግሞ የሰው ልጅ አደራ አለብኝ እያሉ ሁሉን ነገር ይጠረጥራሉ።

በሬዲዮ ስለ ገመድ አልባ ዕቃዎች ጨረርና ስለ ልጆች ጠባይ ሲወራ ሰምተው፣ ግማሹ ላይ ጎረቤት መጥታ አቋረጠቻቸው። የሰሙት ግማሽ በቃቸው። በማግስቱ ከጣሪያ እድሳት የተረፈ ቆርቆሮ አምጥተው የመቲን ራስጌ ግድግዳ ለበጡበት። ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር ቆርቆሮው ይንኳኳል።

ማስረጃም ነበራቸው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑም ይጠፋል። ያኔ መቲ መጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ የአስተማሪዎቿን አነጋገር እየቀዳች ታስቃቸዋለች። መብራት ሲመጣ ስልኳ ይንጫጫል፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ «ተዪኝ በቃ እማዬ» ብላቸው ክፍሏ ትገባለች።

«ሲጠፋ ስትስቂ፣ ሲበራ ስታኮርፊ አያለሁ» አሏት አንድ ቀን። «እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ይህን ለማየት ግን አያንሰኝም።»

አያቷ ያዩት ልክ ነበር። የካርድ ኢንተርኔት ስለሌላት ሳጥኑ ሲጠፋ የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕም አብሮ ዝም ይላል። እሱን ነበር አያቷ የማያውቁት።

በግሩፑ የሚዞረው የሲንቄ ድምፅ ነው። የልብ ጓደኛዋ ሲንቄ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ለብቻዋ እንድትዘምር ተመርጣ ነበር። ልምምዷን ቀርጻ የላከችው ለመቲና ኪቦርድ ለሚጫወተው ለኢብሳ ብቻ ነው። «ሐቁን ንገሩኝ፣ ያስጠላል?» ብላ። መሃል ላይ ድምጿ ይሰነጠቃል። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ሲንቄ፣ ሲንቄ ይል ነበር። መቲ ድምፁን ደጋግማ ሰማችው፤ ከዚያ በሌላ ስም አካውንት ከፍታ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ትንሽ ይስቃሉ፣ ነገ ይረሱታል ብላ ነበር።

አልረሱትም። የተሰነጠቀችውን ቦታ ቆርጠው የስልክ ጥሪ አደረጓት። ሲንቄ በኮሪደሩ ስታልፍ ሙድ ይይዙባታል። መዘምራኑን ተወች፤ ቀጥላም ከትምህርት ቤት ቀረች። ለመቲ የላከችላት የመጨረሻ መልእክት እስካሁን መልስ አላገኘም። «ኢብሳ ነው፣ ሌላ ማን አለው? አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ቅዳሜ ዕለት አየለች መምህሩን አስጠሩት። ጉግሳ ሳያሾፍባቸው አዳመጣቸው። ስለዚህ ነገር አሁንም ጥናት እንደሚካሄድ፣ የእሱ ሳጥን የሚያወጣው ጨረር ግን በጣም ደካማ እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። አየለች የመጀመሪያውን ብቻ ያዙ።

«ታዲያ ጥናታቸውን እስኪጨርሱ ልጄ ራስ ላይ ይንጠልጠል?»

«እማማ፣ እስቲ እሷን እንጠይቃት» አለ። «መቲ፣ እውነት ያምሻል?»

ሁለቱም አዩዋት። ሳጥኑ አፍ የለው፣ አይከራከር። አንድ ቃል ብትናገር የአያቷም ጥያቄ መልስ፣ የእሷም ኩርፊያ ምክንያት ያገኛል።

«ራሴን ያመኛል» አለች። «እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።»

ሁለተኛው እውነት ነበር። ጉግሳ ጥቂት ተመለከታትና ክፍሉ ገብቶ ሳጥኑን ነቀለው። የተማሪዎቹን ሥራ የሚያርመው በኢንተርኔት ስለሆነ ከእንግዲህ ቢሮ እንደሚያመሽ ነግሯቸው፣ ሳጥኑን በፌስታል ይዞ ወጣ። አየለች በረጅሙ ተነፈሱ።

በማግስቱ እሁድ፣ አየለች መቲ የምትወደውን የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽተው አቀረቡላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አምፖሉን ቀና ብለው አዩ፤ በርቷል። መቲን አዩ። አንድ ጉርሻ አንስታ ይዛው ቀርታለች። ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ማዶ የመዘምራኑ ድምፅ በማጉያ ይሰማል፤ ለብቻዋ የምትዘምረው ሌላ ልጅ ናት።

አየለች ግንባሯን ዳሰሱ። ትኩሳት የለም።

«መብራት አለ፤ ሳጥኑ ሄዷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ ምንድን ነው ልጄ? እኔ ነኝ?»

መቲ ቀና አለች። ስልኩ ነው ብትል ያምኗታል። ነገ ደግሞ ኮረብታው ላይ ያለው የኔትወርክ ማማ ነው ብትል እሱንም ያምናሉ፤ ቆርቆሮም ይጨምሩበታል። እሷም ኢብሳ በእሷ ጥፋት ሲወቀስ እያየች ዝም ትላለች።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ የሲንቄን መልእክት ከፈተች፤ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ቆየ። ምንም አልጻፈችም። ስልኩን አያቷ አጠገብ አስቀምጣ ተነሳችና ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?» አሉ አየለች።

መቲ እጃቸውን አንዴ ጨበጥ አደረገችው። ከዚያ ወደ እነሲንቄ ሰፈር የሚያወጣውን የጓሮ በር ከፍታ ወጣች።