ገመዱ ሁለቴ ሲሳብ

እመኑም አትመኑም፣ ይሄን ከሰው አፍ አልሰማሁትም። እኔው ራሴ ያለሁበት ነው።

እሁድ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ወንዙ ዳር ያለው የእናቴ ቤት ስደርስ ሽታው አፍንጫዬን አስያዘኝ።

ከደጇ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑን ፈንቅሎ ጥሎታል... ጥቁሩ ውሃ ግቢውን አቋርጦ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

ወንድሜ የቀረው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

የፍሳሽ መስመር ጠራጊ ነበር። ባለፈው ክረምት ወገቡን በገመድ ታስሮ እንደወረደ ዶፍ መጣ። የላይ ሰፈር ቤቶች እንዳይጥለቀለቁ ብለው አለቆቹ የመስመሩን መዝጊያ ከፈቱት። ሰው ታች እንዳለ እያወቁ! ቆሻሻው ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ... ከነወንድሜ።

ጓደኞቹ ሲስቡ ባዶ ገመድ ወጣ። "ወንዙ ወስዶት ይሆናል" አሉን። በቃ፣ ይችው ናት። የምንቀብረው ሬሳ እንኳ አልሰጡንም።

ገመዱን እናቴ ወሰደችው።

በነሱ ሥራ፣ ታች ያለው ሰው ገመዱን አንዴ ከሳበ "ልቀቁልኝ" ማለት ነው። ሁለቴ ከሳበ "አውጡኝ"።

እናቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። እግሯ ውሃ ውስጥ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ እጇ አንጓ ላይ አስራዋለች። ሌላው ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል።

"እማዬ! ተነሽ፣ እንውጣ!"

"ዝም በይ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "እየሳበ ነው።"

"ውሃው ነው የሚስበው።"

"ውሃ ይቆጥራል እንዴ?"

ገመዱን ያዝኩት።

ሁለቴ ተሳበ... ቆመ... ደግሞ ሁለቴ።



ውሃው ጉልበታችን ደረሰ። እናቴ ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ተረቱን የተረተው ሰው እናትን አላየም። ውሃው እሷንም ሊወስድብኝ ነው ብዬ ከኩሽና ቢላ አምጥቼ ገመዱን ቆረጥኩት።



"አንቺም እንደነሱ?" አለችኝ ብቻ።

ውሃው ሲጎድል የወንድሜ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ወንዙን ሊያጸዱ መስሎን ነበር። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፍነው ሄዱ። ወንዙ ዛሬም እንደገማ ነው።

እናቴን ከከተማው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቴ አመጣኋት። ወንዝ የለም፤ ገመድ የለም። እዚህ እንኳ ታርፋለች ብዬ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ዘነበ።

እናቴ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ቀኝ እጇ ድንገት ወደ ወለሉ ተሳበ።

ሁለቴ።

አንጓዋ ላይ ምንም የታሰረ ነገር የለም... ቆዳዋ ግን ዙሪያውን ሰርጉዷል።

"አውጪው" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሳላስበው ከእጇ በታች ያለውን ባዶ አየር ጨብጬ ሳብኩ።

ከበደኝ።