ምስክር ይዘው መጡ

"የገዛ ቤትሽን ዘግተሽ ለምን ወጣሽ?" ለምትሉኝ ሁሉ የሆነውን ልንገራችሁ። ማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እሁድ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሆሳዕና ከተማ።

ባለቤቴ ሆሴዕ ቸርች ሄዷል። ልጄ አቢጋኤል ስላመማት እኔ ቤት ቀርቻለሁ። ሰፈሩ ጭር ብሏል።

የግቢው በር ተንኳኳ።

"ፖሊስ ነን። ቤት እንፈትሻለን።"

እኔ ደግሞ በመብቴ ቀልድ አላውቅም። "የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላችሁ?"

"አለን።"

"ምስክርስ? ያለ ሰፈር ሰው አላስገባም።"



"እሱም አለ።"

በበሩ ቀዳዳ አጮለቅኩ። ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። በመሃላቸው የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጋሽ ወንዳፈረው። ቀለል አለኝ። እጄን ወደ መቀርቀሪያው ሰደድኩ።

ግን... ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታቸው አንዳቸውም ዓይናቸውን አያርገበግቡም።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ጉዳዩ?"

በሩን ብቻ አፍጥጠው ያያሉ። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ወንዳፈረው ጋ ደወልኩ።

"አቤት ሰሎሜ።" በስልኩ ውስጥ ከኋላቸው ለቅሶ ይሰማል።

"ጋሼ... የት ነዎት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አንጋጫ። ትናንት ለቅሶ መጣሁ። ምነው?"

ድጋሚ በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ወንዳፈረው እዚያው ቆመዋል። እጃቸው ባዶ፣ አፋቸው ዝግ ነው።

"በሬ ላይ... እርስዎ አሉ።"

"እንዳትከፍቺ። ልጅቷን ያዢ።"

መቀርቀሪያውን አልነካሁም። ተመልሼ ሳይ ውጭ ማንም የለም።

ሄዱልኝ ብዬ ዞርኩ። አቢጋኤል በረንዳው ላይ ቆማለች።

"እማ፣ ጋሼ በጓሮ በር መጡ። 'ቤቱ ያንቺ ነው? እንግባ?' አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ግቡ።"

ልጄን አቅፌ ሮጥኩ።

ከሰዓት ከሆሴዕ፣ ከጣቢያው ፖሊሶችና ከአንጋጫ ከደረሱት ጋሽ ወንዳፈረው ጋር ተመለስን። ጣቢያው ማንንም አልላከም። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፤ አንድ ዕቃ አልተነካም።

የጓሮው በር ላይ ግን ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። አፍንጫው ወደ ውስጥ ነው።

ፖሊስ ለፍተሻ ጫማ ያወልቃል እንዴ?

ጋሽ ወንዳፈረው አንዱን ጥንድ አዩና የራሳቸውን እግር ተመለከቱ። ያው ጫማ ነው፣ ጎኑ ላይ የተሰፋው ክር ሳይቀር።

ማንም ሊያነሳቸው አልደፈረም።

ካርታው ዛሬም በስሜ ነው፤ እኛ ግን ኪራይ ቤት ነን። ሆሴዕ አልፎ አልፎ ሄዶ በአጥሩ ያያል።

ባለፈው እሁድ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። አራተኛ ጥንድ ተጨምሯል... ትንሽ፣ ሮዝ፣ የልጅ ጫማ።

የአቢጋኤል ሮዝ ጫማ ደግሞ እግሯ ላይ ነበር።