ያልተነገራቸው አንድ ሰዓት

አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ደም ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

ዕለቱ የኦክቶበር የመጀመሪያው እሁድ ነበር። የተቃጠርነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሞስ ቬል ከተማ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ።

አራት ጓደኛሞች ነበርን። መኪናው የክላይቭ ነው። ዶውን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እኔ ማርኒ እባላለሁ። አራተኛው ጋሽ መርቪን ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ለኦፔራ ሁልጊዜ ቡናማ ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ።

ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ውስጥ አራት ወንበር ያላትን ትንሽ ሰገነት ለብቻ መያዝ ዋጋው አይቀመስም። ለአራት ሲካፈሉት ግን ይቻላል። ያገናኙን እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው በሞቱ በሁለተኛው ወር ቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉ።

"ኦፔራ የሚወድ፣ ወጪ የሚጋራ፣ መንገድ ላይ ወሬ የማይጠላ ሰው እፈልጋለሁ።"

አምስት ዓመት ከሞስ ቬል ሲድኒ አብረን ተመላለስን።

ከዚያ ማሳል ጀመሩ...

ሳላቸው ከባድ አልነበረም። ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ዘፋኟ ድምጿን በምታለሰልስበት ቦታ ላይ ነው። ቆጥሬዋለሁ። በመጨረሻው ትርኢት አርባ ሦስት ጊዜ።

"ሽማግሌው ደመወዝ ሊቆረጥላቸው ይገባል" አለ ክላይቭ። "አንድም ዘፈን አላመለጣቸውም።"

ሳቅን።

ፊት ለፊት "ከእንግዲህ ይቅርብዎ" ማለት ግን ለሦስታችንም ከበደን። ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

በዚያ እሁድ ንጋት፣ የበጋው ምሽት ብርሃን እንዲረዝም፣ በእኛ በኩል ሰው ሁሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። የእጅ ስልክ ራሱ ያስተካክላል። ጋሽ መርቪን ግን የእጅ ስልክ የላቸውም። በየዓመቱ ዋዜማው ላይ ቤታቸው ደውላ የምታስታውሳቸው ዶውን ናት።

"ዘንድሮ አትደውዪ" አልኳት።

"ምን ልንላቸው ነው ታዲያ?"

"ምንም። ሁለት ሰዓት ብለናቸዋል፤ በራሳቸው ሰዓት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እኛ ያን ጊዜ ከሄድን አንድ ሰዓት ይሆነናል። ማን ዋሸ?"

በምትካቸው ወይዘሮ ፒልቢም የምትባል የሲድኒ ሴት አገኘን። ሰገነቱ በር ላይ ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

ሁለት ሰዓት ሲሆን አግዳሚው ባዶ ነበር።

ሄድን።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ የዶውን ስልክ ጠራ። ጋሽ መርቪን ናቸው፣ ከዳቦ ቤቱ ስልክ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

"ዶውንዬ... ቆያችሁ እኮ። መኪናው ተበላሸ እንዴ?" ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ያረፈድኩ መስሎኝ ስሮጥ... ደረቴን ያዝ አደረገኝ። ትንሽ ነው..."

ዶውን ዞራ አየችኝ።

ክላይቭ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አንሾካሾከ።

"ኔትወርክ የለም በያቸው።"

"ጋሽ መርቪን... አይሰማም... ይቆራረጣል..."

"ግድ የለም ልጄ፣ አትቸኩሉ። እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ።"

ዘጋችው። ከዚያም ስልኩን ጨርሳ አጠፋችው።

ስሌቱን እዚያው በአእምሮዬ ሠራሁ። ብንመለስ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደርስላቸዋለን። አንስተናቸው፣ ሲድኒ ስድስት ሰዓት ከአምስት። ትርኢቱ የሚጀምረው ሰባት ሰዓት ነው።

የሚቀርብን ወደቡ ላይ የያዝነው ምሳ ብቻ ነበር።

ስሌቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መኪናው መጮህ ጀመረ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

"ከኋላ ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ እያለ ነው" አለ ክላይቭ። "ማርኒ፣ ቦርሳሽን ከወንበሩ ላይ አንሺ።"

"ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው።"

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ምንም አልነበረም። ጩኸቱ እንዲያበቃ የዚያን ወንበር ቀበቶ ስቤ አሰርኩት። ጸጥ አለ።

ቀበቶው ግን መደገፊያው ላይ አልተኛም። አንድ ስንዝር ያህል ርቆ... ተወጥሮ ቆመ።

በጣቴ ነካሁት። ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል። ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይገፋል... ይመለሳል...

በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ፤ እንደ ሰው ትንፋሽ።

እጄን ሰበሰብኩ። እስከ ሲድኒ በመስኮት ስመለከት ሄድኩ።

ምሳችንን በላን። ክላይቭ ከነዛጎሉ የሚቀርበውን የባሕር ምግብ፣ ሁለት ደርዘን ኦይስተር አዘዘ፤ አንዱንም አላስተረፍንም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወይዘሮ ፒልቢም መጣች። ሰገነቱ በር ላይ ደርሳ ቆመች።

"ግቢ እንጂ" አለቻት ዶውን።

"ለአንድ ሰው ቦታ አለን ብላችሁኝ ነበር።"

"ይኸው" አለ ክላይቭ፣ ከኋላ ያለውን ባዶ ወንበር እያሳየ።

ሴትዮዋ ወንበሩን አየች። ብዙ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ...

"ምን ዓይነት ቀልድ ነው? እኚህ አባት ታመዋል እኮ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።"

ሄደች። ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ትሮጣለች።

መብራቱ ጠፋ። ዘፋኟ ድምጿን ማለስለስ ስትጀምር ትንፋሼን ያዝኩ።

ሳል አልነበረም። ምንም አልነበረም።

ግን ከታች አንድ ሰው ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። ከዚያ ሚስቱ። ከዚያ ሙሉ ረድፍ... ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው።

አስተናጋጇ በሩን በቀስታ ከፈተች።

"ይቅርታ፣ የሚያስሉት ሰውዬ ውጭ ወጥተው ውሃ ቢጠጡ?"

ሦስታችንም ምንም አልሰማንም ነበር።

በእረፍቱ ሰዓት ዶውን ስልኳን ስትከፍት መልእክት ጠበቃት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት።

"አግዳሚው ላይ የነበሩት አባት ሻይ ሳወጣላቸው አልመለሱልኝም። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። አምቡላንስ ጠርተን ነበር... አልተረፉም። አዝናለሁ። ጓደኞቼ ይመጣሉ እያሉኝ ነበር።"

ዶውን ድምፅዋን አውጥታ አነበበችልን።

"እንመለስ" አለች።

"የት?" አለ ክላይቭ። "ለሞተ ሰው አይቸኮልም። ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ነው።"

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"ከፍለንበታል" አልኩ።

ገባን።

በሁለተኛው ክፍል ስድሳ የሚሆኑ ዘፋኞች መድረኩን ሞሉት። ከዳር፣ ቡናማ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል።

ሌሎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ የእሳቸው ዝግ ነው። ሌሎቹ ሲዘጉ... የእሳቸው ይከፈታል። ሁሉም ሲዞሩ ቆይተው ይዞራሉ። ሁሉም ከመድረክ ሲወጡ፣ ብቻቸውን ቀርተው፣ ቆይተው ይወጣሉ።

"ታያለሽ?" አለችኝ ዶውን።

"ዝም በይ።"

ትርኢቱ አለቀ። ዘፋኞቹ ተሰልፈው እጅ ነሱ፤ ሕዝቡ አጨበጨበላቸው፤ ቀና ብለው ወጡ። መድረኩ ባዶ ሆነ። ሰው ኮቱን መልበስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ብቻቸውን ወደ ፊት መጡ። ወደ እኛ ሰገነት ዞረው ጎንበስ አሉ።

ያየ ሰው የለም። ያጨበጨበም የለም።

ዶውን ብቻ ማጨብጨብ ጀመረች።

"በቃ፣ ሰው ያይሻል" አለ ክላይቭ። እጇን ያዘ። ከዚያ ለቀቃት... የሱም እጆች ተጋጩ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ፍርሃት ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

"ማርኒ... አላቆም አለኝ" አለኝ።

ልመልስለት ስል የራሴ መዳፎች ሲጋጩ ሰማሁ።

መብራቱ በራ። አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሁለት ጽዳት ሠራተኞች ማሽናቸውን እየገፉ መድረኩ ላይ ወጡ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ቀና ብለው ሳያዩ፣ ዞር ብለው አለፉ።

የዶውን እጅጌ ከመዳፏ በሚወርድ ደም እስከ ክርኗ ቀልቷል። እናጨበጭባለን።

ጋሽ መርቪን እንዳጎነበሱ ናቸው...

ቀና አላሉም።