የሚፈላ ውሃ፣ ሰባ ዲግሪ

ሴትዮዋ ወደ ጋራዡ ስትገባ በሹራብ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ከመኪና ስር ተንፏቆ ወጣና የሚጮኸውን ኮምፕሬሰር አጠፋ።

«ተኝቷል?» አላት በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ልጁ።»

ሹራቡን ገለጥ አደረገችለት። ኮምፒውተር ነው፤ የመኪና ሞተር የሚያዝ ኮምፒውተር።

«አልቅሶ አያውቅም» አለች። «ግን አፍም አልፈታ። እርስዎ ያስተምሩታል ብለው ነው የላኩኝ።»

ጎረቤቱ በያጅ ከት ብሎ ሳቀ። ኤሌክትሪሺያኑ እስከ ጆሮው ቀላ። አርባን ያለፈ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ በሴት ፊት እንዲህ ሲደናገር ያየው አልነበረም።

ዳቦ የምታከፋፍል ሹፌር ናት። የመኪናዋ የራሱ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ምትክ ስለታጣለት፣ ለማንኛውም ሞተር የሚገጠመውን ዓይነት ገዛች። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሲገዛ ባዶ ነው። ምን ሴንሰር እንደተገጠመለት፣ ሙቀቱ ስንት ሲሆን ስንት ማለት እንዳለበት ሰው ካልነገረው አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት አውራ ጣት የምታህለውን የሙቀት ሴንሰር አሳያት።

«ሁለት ሽቦ ብቻ?» አለች።

«ሁለት። አንዱ ወሬውን ያደርሳል፣ ሌላው ወደ ኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ይመለሳል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እዚሁ ሞተሩ ላይ ያስረዋል፤ አጭር ነው። ከዚያ የመኪናው መብራት በበራ ቁጥር የሙቀቱ ቁጥር ይዘላል።»

«እርስዎ አጭር መንገድ አይወዱም።»

«አልወድም።»

«ታዲያ ሳያገቡ የቀሩት ለዚህ ነው?»

 ፒንሳውን ሁለት ጊዜ ጣለው።

ሽቦው ካለቀ በኋላ ሴንሰሩን መጀመሪያ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ቀጥሎ ባልዲ ውስጥ ባደረ ውሃ፤ በመጨረሻ ምድጃ ላይ በሚንተከተክ ድስት። ሴንሰሩ በሞቀ ቁጥር በኤሌክትሪክ መለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ይወርዳል። እሱ እያነበበ፣ እሷ ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘው ላፕቶፕ ላይ ትጽፋለች፦ ይህ ቁጥር ሲመጣ ዜሮ ዲግሪ በል፤ ይህ ሲመጣ ሃያ፤ ይህ ሲመጣ መቶ።

«ይኸው ጻፍኩት» አለች የመጨረሻውን። «እየው እስቲ።»

አንተ አለችው። ሁለቱም ሰሙት። ማናቸውም አላረሙትም።

ከዚያ ወዲያ ዳቦዋን አድርሳ ስትጨርስ መንገዷ በጋራዡ በኩል ሆነ። አንዳንዴ በሌለ ብልሽት ትመጣለች። «ዛሬ ምን ሆነ?» ሲላት «አንተ ንገረኛ፣ ባለሙያው አንተ ነህ» ትለዋለች። በያጁ ጭንብሉን ገልብጦ «እኔ መኪና ቢኖረኝ ኖሮ ስንቴ በታመመልኝ» እያለ ያሾፋል። ኤሌክትሪሺያኑ ፂሙን መላጨት አዘወተረ። ዝናቡ ሲያባራ እንጋባ ተባባሉ፤ ለታላቅ ወንድሙም ወስዶ አሳያት።

ወንድምየው ዕድሜውን ሁሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ጥሪቱን ይዞ የራሱን ሲያፈላልግ ነበር።

«ስንጋባ ዳቦ ማከፋፈሉን እተዋለሁ፤ መኪና ምን ይሠራልናል?» አለችው እሷ አንድ ቀን። «የእኔን ወንድምህ ይግዛው። ከባዕድ እሱ አይሻልም?»

ደስ አለው። ወንድሙም ሲሰማ «አንተ የነካኸው ከሆነ ኮፈኑንም አልከፍትም» አለ።

ሊዋዋሉ ጋራዡ ውስጥ በተቀጣጠሩበት ቀን፣ ሴትዮዋና ኤሌክትሪሺያኑ እየጠበቁት፣ ወንድምየው መኪናውን ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰ። ፊቱ በርቷል።

«ጫፍ ድረስ ነድቻት ስክሪኗ ላይ ሙቀቷን ስድሳ አምስት ነው የምትለው። ይቺ ሞተር ናት ወይስ ማቀዝቀዣ? ቆዩኝ፣ ሚስቴን ላምጣትና ትያት።»

ሄደ። ሞተሩ እንደበራ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከጭስ ማውጫው የጥሬ ቤንዚን ሽታ ሸተተው። ኮምፒውተሩ ቤንዚን እንዲህ የሚያበዛው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ ነካ። እጁን ወዲያው መለሰ። ማራገቢያው ግን ኮምፒውተሩ ስላላዘዘው አልተነሳም። ስክሪኑ ስድሳ ስምንት ይላል።

ሞተሩን አጠፋ። እስኪበርድ ጠብቆ ሴንሰሩን ፈታ፣ ከሽቦው ሳይነቅል። ምድጃውን ለኮሰና ድስት ጣደ።

«ውሃ ለምን ትጥዳለህ?» አለችው።

«ላየው ብዬ።»

«አሁን? ወንድምህ እየመጣ?»

«እየመጣ ስለሆነ ነው።»

ውሃው እስኪፈላ አጠገቡ ቆመች።  ሲንተከተክ ሴንሰሩን ነከረው። ስክሪኑ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ... ሰባ ላይ ቆመ።

የሚፈላ ውሃ፣ ሰባ ዲግሪ።

ሽቦውን አልተጠራጠረም፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ቁጥሩን መቀየር የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው እሱ ነው።

«መቶ ነበር የጻፍሽው» አላት።

«ነበር።»

«መቼ ቀየርሽው?»

«የሞተሩ ክዳን ቴስታው መሰንጠቁን ሌላ ጋራዥ የነገሩኝ ሳምንት።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዳገት ላይ ትፈላለች። ማንም አይገዛትም ነበር። የእኔም ጥሪት እሷ ናት... ከነገርኩህ ለወንድምህ ትነግረዋለህ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ታዲያ።»

«ለእኔ ግን ብትነግሪኝ ቴስታውን አውርጄ አሠራልሽ ነበር። ሌላ ገዢ እስኪገኝ አብረን እንጠብቅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። «አውቃለሁ፤ ያሳፈረኝ እሱ ነው። አንዴ ካደረግኩት በኋላ ልነግርህ ብዬ ብዬ... ስማኝ። ዛሬን ዝም በል። ከተጋባን በኋላ አብረን እናሠራለታለን። ወንድምህ ሳያውቅ።»

«እስከዚያ ዳገት ላይ ይንደድ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ቁጥሩን ስትጽፊ ከኋላሽ ቆሜ አይሽ ነበር። እንዴት ቶሎ ገባት እያልኩ እኮራ ነበር።»

«ሌላው ሁሉ እውነት ነው። በእናቴ! በየቀኑ የምመጣው፣ የምስቀው፣ እወድሃለሁ ያልኩህ... ሁሉም እውነት ነው።»

 ሊያምናት ፈልጎ ነበር፤ ምናልባትም እውነቷን ነበር።

«ሴንሰር ሲዋሽ ውሃ አፍልቼ ማወቅ እችላለሁ» አላት። «አንቺን በምን ልወቅ?»

ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። ሰባውን አጥፍቶ መቶ ጻፈ። ሴንሰሩን መልሶ አሰረ፣ ራዲያተሩን ውሃ ሞላ፣ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረ።

«ዳገት እንዳትወጪባት» አላት። «እንደደረስሽ ቴስታውን አሠሪው። ለሚገዛትም ሰው ንገሪው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሄደች። በያጁ ሁሉን ሰምቶ ነበር፤ ጭንብሉን ፊቱ ላይ መልሶ ወደ ሥራው ዞረ።

ወንድምየው ሚስቱን አስከትሎ ሲመጣ ጋራዡ ባዶ ነው።

«መኪናዬስ?»

«ታማለች። ቴስታው ተሰንጥቋል።»

«ልጅቷስ?»

«ታውቅ ነበር።»

ወንድምየው ነገሩ እስኪገባው ቆመ። ሲገባው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ፤ ከአፉ ሳይጨርሰው ተጸጸተ። ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችውና ቀድማ ወጣች።

«እኔስ ሌላ መኪና አላጣም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ግን ስንት ጠብቀህ ያገኘሃትን ሴት... ለእኔ መኪና ብለህ ነው?»

«ለመኪናው አይደለም።»

«ታዲያ ለምኑ?»

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እኔ የነካሁት ከሆነ ኮፈኑን አልከፍትም ብለሃል። እሷም ያንን ታውቃለች። የእኔን እጅ ነው የሸጠችልህ።»

 ወንድምየው ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ሰጠው።

«ና እንሂድ። ራት ቀርቧል።»

በሩን ቆልፈው ወጡ። መኪና ያልገዛው ወንድምና ሚስት ያላገባው ወንድም ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ።