ኩራቷን የዋጠች እናት

መካኒሳ፣ ከወንዙ በላይ ከተደረደሩት የጭቃ ቤቶች በአንዷ ሸዋረገድ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ባልቴት ትባል እንጂ ወገቧ ያልጎበጠ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስታልፍ ሰፈሩ ዞሮ የሚያያት ኩሩ ሴት ነበረች። ባሏ ዋቅቶላ ባሌ ተራሮች ላይ ፈረንጆችን እየመራ፣ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ሲያስይዝ ኖሮ፣ ሙያውን ለአንድ ልጁ ለነገሪ አውርሶ ሞተ። እሷም ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ ጥጥ እየፈተለች አሳደገችው። ግን ለድሃ ደስታ መቼ ይበረክትለታል? ነገሪ ጎረምሳ ሲሆን የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። አንድ ማለዳ እናቱን ስሞ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ጠፋ።

ኬንያ ሄዶስ ምን ሆነ? ሰው ሆነ! መኪና በማይደርስባቸው የተራራ ወንዞች ላይ እንደ አባቱ የዓሣ አጥማጆች መሪ ሆነ። ወሬውን የሚያመጣላት የሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ሸምሱ ነበር።

«እማማ፣ ነገሪ ግቡ ሳይላቸው ፈረንጆቹ ወንዝ አይገቡም እኮ! ዓሣው የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚተኛ ያውቃል። ደግሞ ከያዙት በኋላ መልሰው ይለቁታል።»

«ይለቁታል? ምን ሊሆን ደከሙ ታዲያ?»

«እኔ እንጃላቸው! አንዳንዱማ ስሞ ነው የሚለቀው።»

ሸዋረገድ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ እንባ ሆነ። «ታድሎ! ምነው የሰውንም ልጅ እንዲህ በለቀቁት…» አለች።

ይህ ዓሣ የሚታለለው መንጠቆ ላይ የዶሮ አንገት ላባ ተጠምጥሞ በምትሠራ የውሸት ዝንብ ነው። ነገሪ በሸምሱ በኩል ላባ ላኪልኝ አላት፤ በተለይ የገብስማ አውራ ዶሮ። የኬንያ ዶሮ ላባ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ግን ለልጇ የምትልከው ነገር ያገኘችን እናት ይህን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል? ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲመጣ፣ ሰፈሩ ዶሮ ሲያርድ፣ ከየደጁ የገብስማውን ላባ ትለቅም ጀመር።

አይ ጉድ! ገብስማ ዶሮ የሚያዘው ማን እንደሆነ በመካኒሳ የማያውቅ አለ? ጠንቋይ ነዋ! የሴቶቹ ዕድር ዳኛ አማከለች በስብሰባ መሃል አስነሳቻት።

«ሸዋረገድ፣ ላባው ለምንሽ ነው? ተናገሪና እንረፍ!»

«ለክፉ አይደለም።»

«ለክፉ ካልሆነ ምን ያስደብቃል?»

ምን ትመልስ? እውነቱን ብትናገር ወሬው ቀበሌ ይደርሳል፤ ሸምሱ ይታሰራል፤ ከልጇ ጋር የቀራት መንገድ ይዘጋል። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ከዕድር ተባረረች። በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በቀሚሳቸው ይሸፍኑባት ጀመር። ሁሉንም ቻለችው፤ ያልቻለችው አንድ ነገር ነው። ሌሎቹ «ልጄ እንዲህ ሆነ፣ ልጄ ጎፋ ሥራ ገባ» እያሉ ሲኩራሩ፣ እሷ «የእኔስ ልጅ!» ማለት አምሯት፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ጉርሻ እያቃጠላት ትውጠው ነበር።

በ1980 አፈሳው ባሰ። የአማከለች ልጅ በኃይሉም ስሙ ለዘመቻ ወጣ። የእናቱን ለቅሶ ሸዋረገድ ከአጥር ወዲያ ሆና ሰማች። ደስ አላት ይሆን? ለአፍታ፣ አዎ፤ ሰው ናት። ወዲያው ግን ተነሥታ ወደ አማከለች ቤት ሄደች።

«አማከለች፣ ስሚኝ። ልጄ ኬንያ ነው። ላባው ለሱ ነው። ልጅሽን ስጪኝ፣ እሱ ጋ አደርስልሻለሁ።»

አማከለች እግሯ ላይ ተደፋች። «አፈር ልብላ! ያን ሁሉ አድርጌሽ…»

«ተነሺ፣ ሰው ያየናል። ወፍራም ልብስ አሲዥው፤ ወንዙ ብርድ ነው።»

በኃይሉ በሸምሱ መኪና ተሸሽጎ በሰላም ደረሰ፤ ነገሪም ረዳቱ አደረገው። ሸዋረገድ ግን ከመኪናው አጠገብ ታይታ ነበርና የቀበሌ ሰዎች ያዟት። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እያስተኙ «ልጁን የት አደረግሽው?» ሲሏት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ጠንቋይ አይደለሁ? ሰወርኩት!» አለቻቸው። ሰልችቷቸው ሲለቋት ሳንባዋ አልቆ ነበር።

አማከለች ከአልጋዋ ሥር አልጠፋችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሸዋረገድ እጇን ያዘቻት።

«በሩን ዝጊው።»

«ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?»

«አንዴ በልጄ ልኩራ።»

«ኩሪ!» አለች አማከለች እንባዋ እየወረደ። «ኩሪ እናቴ፣ እሰማሻለሁ!»

ስንት ዓመት የታመቀ ነበር! ልጇ ፈረንጆቹን እጃቸውን ይዞ ሲያሻግር፣ አቁሙ ሲላቸው ሲቆሙ፣ ያላየችውን ሁሉ እንዳየች አድርጋ አወራች። ሳል ያቋርጣታል፤ ትቀጥላለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

በማግስቱ፣ በአማከለች ትእዛዝ፣ ያባረራት ዕድር ድንኳኑን ተከለ። የቀበሌው ካድሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ የከዳ ልጅ ስም በለቅሶ እንዳይነሳ ተብሏል። አማከለች ደረቷን እየደቃች መሃል ገባች፤ አየችው፤ ከዚያም ባላት ድምፅ ሁሉ «የነገሪ እናት!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ገብቷቸውም ሳይገባቸውም ተቀበሏት። «የነገሪ እናት! የነገሪ እናት!» ካድሬው የየትኛዋን አፍ ይዝጋ? አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

አይ ዕድል! አማከለች ያን ጩኸት አንድ ቀን ብታስቀድመው ምን ነበረበት? ሸዋረገድ ግን ብትጠየቅ አትማረርም ነበር። ሁለት ልጆች በሕይወት አሉ፤ አንዱ የእሷ ነው።