ከደጃፉ የጠፋው ጫማ

ኢያሱ ዘካርያስ ሐሙስ ማታ፣ በስደት ከተማቸው ኢምባካሲ በተባለ ሰፈር፣ ከአባቱ ቤት ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል፣ አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። አልጋውን ከሚጋርደው መጋረጃ ወዲህ፣ ወለሉ ላይ የከሰል ምድጃ ነበረ፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው የገደለው አለ። ቤተሰቡ ደግሞ ራሱን ነው የገደለው አለ። ምክንያቱን ግን ጮክ ብሎ መናገር የሚያሳፍር ስለሆነ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያወራው።

ምክንያት የተባለችው ናሚዮ ናት። ናሚዮ ደግሞ ሰው አይደለችም፤ በአንድ አኒሜ፣ ማለትም በጃፓን የካርቱን ፊልም ውስጥ የተሳለች ልጅ ናት። ኢያሱ እናቱ ከሞተች ወዲህ ያን ተከታታይ ፊልም ሲያይ ኖረ፤ በእጁም የጨርቅ አሻንጉሊት አድርጎ ሰፍቷት መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት። በመጨረሻው ክፍል ናሚዮ ስትሞት ሥዕሏ ላይ ጥቁር ሪባን አሰረ፤ አበባ አኖረ፤ ምግብም እምቢ አለ። ይህን ያደረገው እንግዲህ የአየር ጭነት መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲሸከም የሚውል ጎልማሳ ነው።

ወይዘሮ መሠረት ይህን ስትሰማ ሳቅ አፈናት። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን በስደት፣ ጊጊሪ በተባለ ሰፈር የጥበቃ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ናት። የጠራቻት የሟቹ እኅት ርብቃ ዓይኗ አባብጦ ከፊቷ ተቀምጣለች። መሠረት ሳቋን ዋጠች፤ በራሷም አፈረች።

«እትዬ መሠረት፣ ነገ በድብቅ ሊቀብሩት ነው» አለች ርብቃ። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ራሱን ላጠፋ ሰው አንዘምርም አሉ። አባባም እሺ አለ። ወንድሜ ግን እንዲህ አያደርግም!»

«በምን አወቅሽ?»

«በምንም። አውቀዋለኋ።»

«ማስረጃ አይሆንም፤ መነሻ ግን ይሆናል። ክፍሉን አሳዪኝ።»

መሠረት ምድጃው ሥር ተንበረከከች። ከሥሩ አንድ የወለል ሴራሚክ በጥንቃቄ ተነጥፏል። አመዱን በማንኪያ ስታማስል ሁለት የጠቆሩ የብረት የልብስ ቁልፎች ወጡ።

«የናሚዮ ዓይኖች ናቸው» አለች ርብቃ እያለቀሰች። «የገዛ ልብሴን ቁልፎች ነው ሰጥቼው የነበረው።»

መሠረት መደርደሪያውን፣ ልብሱን፣ ኪሱን፣ ከፍራሹ ሥር ሳይቀር ፈተሸች። ራስጌው አጠገብ ከጉንፋን መድኃኒት በቀር ምንም አላገኘችም።

ልቅሶው ቤት ወንጌላዊ አድነው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ተቀምጧል።

«አሻንጉሊቷን እርስዎ ነዎት ያቃጠሉት?»

«እኔ ባቃጥለው ምን ያስደብቀኛል?» አለ ወንጌላዊው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ርብቃ እያለቀሰች ጸልይለት ስትለኝ፣ ይህ ጣዖት ነው፣ በጉባኤ ፊት በዝማሬ ይቃጠል ብያለሁ። ሰው እንዳይሰማ ብሎ የለመነኝ ቤተሰቡ ነው።»

ዮአብ የሟቹ ጓደኛ ነው፤ አኒሜውን አብረው ነበር የሚያዩት። ከቤት አልገባም፤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። መሠረት ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነበር የምታየው። ጥብቅ ተደርጎ የታሰረው የሥራ ጫማ ሲራመድ ተረከዙን ይለቀዋል።

«ፎቶዋ አለህ?»

ስልኩን አወጣ። አሻንጉሊቷ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ አንዲት የብር ጉትቻ ተሰክታለች።

«የእናቱ ናት። አንዷ እሱ ጋ፣ አንዷ ርብቃ ጋ።»

«ጫማውስ የማን ነው? ሰፍቶሃል።»

ዮአብ ወደ ጫማው አየ። «ፖሌ፣ ይቅርታ እትዬ» አለ። «ሐሙስ ጉንፋን ጣለው። ሺፍቱን ልሸፍንለት ማለዳ መጥቼ መግቢያ ባጁንም ጫማውንም ወሰድኩ፤ ያለ ሴፍቲ ሹዝ በጌት አያስገቡም። ሞቶ እንኳ ቺተር፣ አጭበርባሪ እንዳይሉት ፈርቼ ሳልናገር ቀረሁ። አፈርኩ።»

የሟቹ አባት አቶ ዘካርያስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወንድም ዘካርያስ፣ ሐሙስ ልጅዎ ቤት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ሥራ የሄደ መስሎኝ ነበር።»

«ምን አይተው?»

«ጫማው ደጃፉ ላይ አልነበረም። ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ ጫማውን ደጃፍ ትቶ ይተኛል። ጫማውን ካየን በዚህ ቤት ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እኔም በጣቴ ቆሜ ነው የማልፈው።»

ለቀስተኛው ሲበተን መሠረት አራቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከምድጃው ልጀምር» አለች። «ሥሩ ሴራሚክ ተነጥፏል። ሊሞት የቆረጠ ሰው ወለሉ እንዳይቃጠል አይጨነቅም። ስለዚህ ምድጃውን ያስገባው ኢያሱ አይደለም። ያስገባው ሰው አሻንጉሊቷን ሊያቃጥል ነው የመጣው፤ ዓይኖቿ አመዱ ውስጥ ናቸው። ጉትቻው ግን የለም። ብረቱ ከተረፈ ብሩም መትረፍ ነበረበት። ክፍሉ ውስጥም ፈልጌ አጣሁት። እንግዲህ ያቃጠለው ሰው አስቀድሞ ፈትቶ ወስዶታል፤ እሳት ውስጥ ሊጥለው አልሆነለትም።»

መሠረት ወደ ወንጌላዊው ዞረች።

«ወንጌላዊው ቢያቃጥል በዝማሬ ነበር፤ ይሄ ግን ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ መስኮት ተዘግቶ የተሠራ ነው። ያቃጠለው ያፈረ ሰው ነው። ሐሙስ ርብቃ ቢሮዋ ነበረች። ዮአብ በኢያሱ ጫማ መጋዘን ውሏል፤ ጫማው ከደጃፉ በመጥፋቱም ክፍሉ ባዶ መሰለ። ወንድም ዘካርያስ፣ እጅዎ ከኪስዎ አልወጣም።»

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። መዳፋቸው ላይ ጉትቻው አለ።

«የእናቱን እንዴት አቃጥላለሁ?» አሉ። «አሻንጉሊት አቅፎ ያለቅሳል ሲባል እኔ ሽማግሌው የት እገባለሁ? ዝናብ ነበር፤ ውጭ ባቃጥል ደግሞ ሰው ያየኛል። በትርፍ የበር ቁልፌ ገባሁ። ጨርቁ ቶሎ አልነድ አለ፤ ቀስ እያለ ነዶ ይለቅ ብዬ ዘግቼበት ጸሎት ሄድኩ። ሞቶ ሲገኝ፣ ከሥራ ገብቶ አመዷን አይቶ በዚያው ከሰል ራሱን የገደለ መሰለኝ። ይህን ከምናገር ልጄ ያለ መዝሙር ይቀበር አልኩ።»

«ከሥራ አልገባም። ከመጋረጃው ኋላ ነበር።» መሠረት መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉት ልትል ነበር፤ ተወችው።

«ስትቃጠል አላያትም?» አሉ አባትየው።

«አላየም። መድኃኒት ውጦ ተኝቶ ነበር።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ዘካርያስ፤ ፊታቸው ለአፍታ ፈታ አለ። ከዚያ የሰሙት ገባቸው። «እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ርብቃ ፊቷን ሸፈነች። ለወንጌላዊው የወንድሟን ገመና ያወራችው እሷ ናት። ወንጌላዊውም ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«ነገ ለልጄ ዘምሩለት» አሉት አባትየው ወንጌላዊውን። «ጉባኤው ፊት ቆሜ ያደረግሁትን እናገራለሁ፤ ለፖሊስም እናገራለሁ። የሚታፈርበት ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ።»

«እንዘምራለን» አለ አድነው።

ርብቃ ጉትቻውን ከአባቷ መዳፍ አንሥታ ከራሷ ጉትቻ ጋር በመሐረብ ቋጠረችው፤ ሁለቱም ከወንድሟ ጋር ሊቀበሩ ነው። ዮአብ ተነሥቶ ወጣ። በጓሮ ዞሮ የኢያሱን ጫማ ፈታ፤ ደጃፉ ላይ አጣምሮ አስቀመጠው፤ በካልሲ ብቻ ጭቃውን ረግጦ ሄደ።

አቶ ዘካርያስ መሠረትን ሊሸኙ ግቢውን ሲያቋርጡ ስለ ነገው ቀብር እየነገሯት ነበር። ጫማውን አዩት። ንግግራቸውን በመሐል አቆሙ፤ በጣታቸው ቆመውም ቀስ ብለው አለፉ።