የማታውቂው ሰው

«መሬቱን እንዳትነኪ! መረማመጃዎቹን ብቻ ርገጪ» አለቻት ነጭ ቱታ የለበሰች ተማሪ።

ሞራግ እግሯን ሰበሰበች። ዩኒቨርሲቲው ለጎብኚዎች ክፍት በሆነበት በዚያ ቅዳሜ፣ የፎረንሲክ (የወንጀል ማስረጃ ምርመራ) ሳይንስ መምህራን አንዱን ክፍል ወንጀል የተፈጸመበት ቤት አስመስለውት ነበር። ወንበር ተገልብጧል፤ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ምንጣፉ ላይ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ተጋድሟል።

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ የዳቦ ፍርፋሪ ከጃኬቱ ያራግፋል።

«አባዬ፣ ማስረጃ እያበላሸህ ነው!»

«እኔ ነኝ የገደልኩት በያቸውና ወደ ቤት እንሂድ።»

ወንድሟ ዩዋን፣ ታይ በሚባለው ወንዝ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ አባቷ ሲቀልድ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፖሊስ ዩዋን እንዴት ውሃው ውስጥ እንደገባ ማወቅ ስላልቻለ መዝገቡን ዘግቶታል። ሞራግ ግን ለማንም ያልነገረችው ሐሳብ ነበራት። እዚህ ትማራለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ ከዚያ ያንን መዝገብ ራሷ ትከፍተዋለች።

ዶክተር ኪንሎክ የሚባሉት ሽበታም መምህርት ትምህርቱን እያስረዱ ነው። «አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው ኬሚስትሪ ናቸው።»

«ደም የምናየው መቼ ነው?» አለ አንድ ቀውላላ ልጅ ከኋላ።

«አንተ መጀመሪያ ሒሳብ እለፍ!» አለው ጓደኛው። ሁሉም ሳቁ።

ሞራግ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ሥራ ከያዝን በኋላ የተዘጋ መዝገብ ማየት እንችላለን?»

«እንደገና እንዲመረመር ከተወሰነ፣ አዎ።»

«ሟቹ... ዘመድ ቢሆንስ?»

ዶክተሯ ጠጋ አሏት። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «አይሆንም የኔ ልጅ። የምታውቂው ሰው ከሆነ ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ ይሰጡታል። መዝገቡን እንድታይ እንኳ አይፈቅዱልሽም። ያለውን ሳይሆን ልብሽ የፈለገውን ልታዪ ትችያለሽ።»

ሞራግ ማንንም ሳታይ ወጣች። አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዩዋንን ብለሽ ነው የመጣሽው፣ አይደል?»

«በምን አወቅክ?»

«ኬሚስትሪ እንዴት ትጠዪ እንደነበር ረሳሽው እንዴ?»

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «አራት ዓመት ብማርም አያሳዩኝም፣ አባዬ። የኔን ወንድም፣ እኔን!»

አባቷ እጆቹን እያየ ተናገረ። «የሱን ዕቃ የመረመረችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ እሷም ዩዋንን አታውቀውም። የቤት ቁልፉን ለብቻ፣ ሰዓቱን ለብቻ አሽጋ ነው የላከችልን። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ማስቲካ ነበረች። እሷንም አልጣለቻትም። እኔ ብሆን እጥላት ነበር።» ጃኬቱን አስተካከለ። «እናትሽ ማስቲካዋን አሁንም አላወጣቻትም። ከነማሸጊያዋ አለች።»

ሞራግ ይህን አልሰማችም ነበር። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ጎብኚዎች የሁለቱን እግር እየተሻገሩ አለፉ።

ቱታ የለበሰችው ተማሪ ብቅ አለች። «ላቦራቶሪ ልናሳያችሁ ነው። የሚመጣ አለ?»

ሞራግ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሳች። «በየት በኩል ነው?»

«ፎቅ ላይ፣ በስተግራ።»

«ትመጣለህ አባዬ?»

«አንቺ ሂጂ። እኔ ትንሽ ልቀመጥ።»

ሞራግ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ የአባቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። ቆመች። ከዚያ ሌሎቹን ተከትላ ወጣች።